ከጋፋት እስከ ማይጨው፦ የነፍጥ ምንጭና የወዳጅነት ውል በኢትዮጵያ የመከላከያ ታሪክ

በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ የሚነሡት የነፍጥ ስሞች ለጆሮ አገርኛ ይመስላሉ። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር የሚሉት ቃላት ከአዝማሪው መሰንቆ፣ ከአርበኛው ጎፈሬና ከአዳኙ ግዳይ ጋር ተዋሕደው ስለኖሩ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይታወስም። ዳሩ ግን ስናድር ስናይደር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው፤ ውጅግራ «ፉዚ ግራ» የተባለው የፈረንሣይ ጠመንጃ ነው፤ ምንሽርም ማንሊኸር የተባለው የኦስትሪያ ጠመንጃ ነው። ሕዝቡ የባዕዱን ስም በአንደበቱ አለዝቦ የራሱ አደረገው፤ ነፍጡንም በክንዱ የራሱ አደረገው። ስሙን መውረስ ግን የሥራውን ጥበብ ከመውረስ ጋር አንድ አልነበረም።

ከ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ፋሽስት ወረራ ድረስ ኢትዮጵያን የገጠማት አደጋ መልኩን እየለወጠ መጥቷል። በመጀመሪያ ከሱዳን ጠረፍና ከቀይ ባሕር ዳር የሚገፋው የግብጽ ጦር ነበረ፤ ቀጥሎ የእንግሊዝ ሠራዊት መጣ፤ ከዚያም የኢጣሊያ ቅኝ ገዥ ኃይል ምጽዋን ይዞ ወደ ደጋው ወጣ፤ በመጨረሻም አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የታጠቀው የፋሽስት ጦር ዘመተ። በየጊዜው የነበሩት መንግሥታት ለዚህ አደጋ የሰጡት መልስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መሣሪያን በአገር ውስጥ ለመሥራት መሞከር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር ተወዳጅቶ መሣሪያን መግዛት ነበር። የመጀመሪያው መንገድ ጋፋት ላይ ተጀምሮ መቅደላ ላይ ተቋረጠ። ሁለተኛው መንገድ አድዋ ላይ ለድል አበቃ፤ ማይጨው ላይ ግን ባዶ እጅ አስቀረ።

ያው መንገድ በአንድ ዘመን ለድል፣ በሌላው ዘመን ለሽንፈት ያበቃበት ምክንያት በነፍጡ ብዛት ወይም በተዋጊው ጀግንነት ብቻ አይገለጽም። ዋናው ምክንያት የሚገኘው ነፍጡን የሚሸጡት መንግሥታት እርስ በርሳቸው በነበራቸው ግንኙነት ላይ ነው። ሻጮቹ ሲፎካከሩ የገዥው እጅ ነፃ ይሆናል፤ ሻጮቹ ሲስማሙ ግን የገዥው እጅ ይታሰራል። ታሪኩ ከዚህ አንጻር ሲታይ ከጦር ሜዳው ይልቅ የምድጃውና የወደቡ ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

የጋፋት ምድጃ

ዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍን ጉልበት የተማሩት ከመጽሐፍ አልነበረም። ገና የቋራው ካሣ ሳሉ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥመው፣ በምሽግ ውስጥ በሥርዓት ቆሞ መድፍና ጠመንጃ የሚተኩስ ሠራዊት በጀግንነት ብቻ እንደማይሰበር በወታደሮቻቸው ደም ዐወቁ። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ የመሣፍንቱን ኃይል ሰብረው አንድ መንግሥት ለማቆም ሲነሡ፣ በዚህ ትምህርት ላይ የተመሠረተ ዓላማ ነበራቸው።

በዚያን ጊዜ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሰፍረው ነበር። ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች እጀ ብልህ ቢሆኑም መድፍ ሠርተው አያውቁም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ ሥራቸውን ፈለጉ። መጀመሪያ መንገድና ሰረገላ አሠሩአቸው፤ ቀጥለውም መድፍና ሞርታር እንዲያቀልጡ አዘዙአቸው። የማቅለጫው ምድጃ በመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደጋግመው ሞክረው በኋላ ተሳካላቸው። በጋፋትም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ማንበብና መጻፍን፣ ከዚያም ጋር የእጅ ሥራን የሚማሩበት ቦታ ተቋቋመ። በአገሪቱ ታሪክ ማቅለጫ፣ ዐውደ ጥናትና ትምህርት ቤት በአንድ ሥፍራ ሲገናኙ የጋፋት ሙከራ ከፊተኞቹ አንዱ ነው።

ይህ ሙከራ የተደረገው ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በሚናቅበት ኅብረተሰብ ውስጥ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠራው ባለ እጅ ቡዳ እየተባለ ይሸሽ ነበር፤ ከገበሬው ጋር ጋብቻ አይኖረውም፤ በብዙ ቦታም ርስት አልነበረውም። ጦርና ጋሻ ይዞ የሚፎክረው ጀግና ሲወደስ፣ ጦሩን የሳለው ሰው ስሙ አይነሣም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያደረጉት ይህን ልማድ በአንድ በኩል የሚሰብር ነበር፤ ራሳቸው ወደ ምድጃው እየሄዱ ሥራውን ይከታተሉ፣ መንገድ ሲሠራም ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የልማዱ ሥር ግን ከአንድ ንጉሥ ዕድሜ የጠለቀ ነበር።

የጋፋት ትልቁ ሥራ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ነው። ስሙ በክሪምያ ጦርነት ጊዜ ረዥም ከበባ ከደረሰባት የሩሲያ ወደብ የተወሰደ ነው። በዚህ ስም ውስጥ የዘመኑ የወዳጅነት ውል እንቆቅልሽ ተሰውሮ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ፣ ክርስቲያን መንግሥታት ከቱርክ ጋር ባላቸው ጠብ እንዲተባበሩአቸው ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን ሴባስቶፖልን ከፈረንሣይ ጋር ሆና የከበበችው እንግሊዝ፣ በዚያ ጦርነት የተሰለፈችው ከቱርክ ጎን ነበር። የሃይማኖት ዝምድና የጦር ቃል ኪዳን እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ደብዳቤው መልስ አጣ፤ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎችና የሥራ መኪናዎች እንዲመጡላቸው ጠየቁ። ባለሙያዎቹ ተቀጥረው እስከ ምጽዋ ቢደርሱም፣ እስረኞቹ ሳይፈቱ ወደ መሐል አገር እንዳይገቡ ተደረገ። በነሱ ፈንታ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በሰረገላ አስጭነው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ ተራራ እያስቆረጡና ገደል እያስደለደሉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተጓዙ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ወሰደ። በዚሁ ጊዜ 13000 ያህል ወታደር ያለው የእንግሊዝ ጦር፣ ከባድ መድፉን በ44 ዝሆኖች አስጭኖ፣ ከባሕሩ ዳር ከዙላ ተነሥቶ ወደዚያው አምባ ይገሠግሥ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ሁለቱ ሲጋጠሙ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ትላልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። እንግሊዞቹ ደግሞ ከኋላው የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ በጦር ሜዳ የሞከሩት ያን ቀን ነበር። በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ የያዘው የኢትዮጵያ ጦር አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ ድረስ በተደጋጋሚ ተኩስ ተመታ፤ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃውም ቀዘቀዘ። ስናይደር ግን ስናድር ሆኖ በአማርኛ ውስጥ ቀረ።

ጋፋት ቢቀጥል ኖሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአውሮፓን ፋብሪካ ይወዳደር ነበር ማለት አይቻልም። የብረት ማዕድን፣ የባሩድና የማሽን ሥራ፣ የመጓጓዣ መንገድና የሠለጠነ ሠራተኛ በአንድነት ሳይገኙ መድፍ ብቻውን ኃይል አይሆንም። የተቋረጠው ነገር የመድፍ ብዛት አልነበረም፤ የተቋረጠው የመማር ሂደት ነበር። ስሕተቱን ዐይቶ ሁለተኛውን ምድጃ የሚያሻሽል፣ ከሁለተኛው ሦስተኛውን የሚወልድ የሠራተኛ ትውልድ ገና ሲበቅል ተነቀለ።

የምጽዋ በር

ከመቅደላ በኋላ የጥበቡ መንገድ ተትቶ የወደቡ መንገድ ተያዘ። እንግሊዞቹ ሲመለሱ ላሳለፉአቸው ለትግሬው ገዥ ለካሣ ምርጫ መድፍ፣ ሞርታርና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። ከዘመቻው ጋር የመጣው ጆን ኪርካምም ጦራቸውን በአውሮፓ ሥርዓት አሠለጠነ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ካሣ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አድርገው፣ በተከታዩ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በውጭ መሣሪያ ዙፋን የሚገኝበት ዘመን በዚህ ሁኔታ ተከፈተ።

በ1868 ዓ.ም. የግብጽ ገዥ የኬዲቭ እስማኤል ጦር፣ የአሜሪካና የአውሮፓ መኰንኖች እየመሩት፣ ሁለት ጊዜ መረብን አቅጣጫ አድርጎ ዘመተ፤ ጉንደትና ጉራዕ ላይ ሁለት ጊዜም ተሸነፈ። በሺህ የሚቆጠሩ ረሚንግተን ጠመንጃዎችና ብዙ መድፎች ተማረኩ። ከጠላት የሚገኝ መሣሪያ ከሁሉ ርካሽና ከሁሉ ውድ ነው፤ በገንዘብ አይከፈልበትም፣ በሰው ሕይወት ግን ይከፈልበታል። ከዚህም በላይ የተማረከው ጠመንጃ ጥይቱ ሲያልቅ ዱላ ይሆናል። ስለዚህ ጥይት የሚገባበት የባሕር በር የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነ።

ዐፄ ዮሐንስ በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር የተፈራረሙት ውል ይህን ጉዳይ የፈታ መስሎ ነበር። በውሉ መሠረት ጦር መሣሪያና ጥይት ጭምር ማናቸውም ዕቃ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል በነፃ ይተላለፋል፤ የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በበኩላቸው በመሐዲ ተከታዮች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ይረዳሉ። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። ራስ አሉላ ዘምተው የግብጽን ወታደሮች አሳለፉ፤ መሐዲስቶችንም በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩፊት ላይ ብዙ ሕይወት ከፍለው ድል አደረጉ።

እንግሊዝ ግን ውሉ አንድ ዓመት ሳይሞላው በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ ምጽዋን ስትይዝ ፈቅዳ ዝም አለች። የሱዳን ጉዳይ አስጨንቆአት፣ ፈረንሣይም በቀይ ባሕር ላይ እንዳትስፋፋ ሰግታ ስለነበር፣ ለራሷ ሥጋት የሚበጃትን ጎረቤት መረጠች። ለኢትዮጵያ የገባችው የበር ነፃነት በአንድ ጀምበር በሌላ ባለቤት እጅ ገባ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ደመሰሱ፤ ሆኖም ዶጋሊ ምጽዋን አላስመለሰም። ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ፣ በሂወት ውል ምክንያት ከተቀሰቀሰ ጠላት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ውል የተፈጸመበት ጉዳይ ሲለወጥ ውሉም ይለወጣል፤ የተለወጠውን የሚከፍለው ግን ደካማው ወገን ነው።

ሻጮች ሲፎካከሩ

ንጉሥ ምኒልክ በሸዋ ሳሉ ጀምሮ ከዚህ ታሪክ የወሰዱት ትምህርት በአንድ በር ላይ አለመደገፍ ነበር። በዘመኑ የአውሮፓ የመሣሪያ ኢንዱስትሪ በታላቅ ለውጥ ላይ ይገኝ ነበር። ፈረንሣይ በ1878 ዓ.ም. ጢስ የማያወጣ ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤል ጠመንጃ መታጠቅ ስትጀምር፣ የቀሩት መንግሥታት ከኋላዋ ላለመቅረት ነፍጣቸውን ለመለወጥ ተሽቀዳደሙ። በየመጋዘኑ የተከማቸው አሮጌ ጠመንጃ ገበያ ፈለገ። የአውሮፓ ጦር የጣለው ነፍጥ በታጁራ፣ በኦቦክና በኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ ደጋው ጎረፈ። በዓለም ሥነ ግጥም ታላቅ ስም ያለው ፈረንሣዊው አርቱር ራምቦ ብዕሩን ጥሎ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ዘመናቸው ያለፈ 2000 ያህል ጠመንጃዎችን በበረሃ አቋርጦ ሸዋ ያስገባው በዚህ ንግድ ውስጥ ነው። ምኒልክ ነፍጡን ተቀብለው ከጠበቀው በታች ዋጋ ከፈሉት። ገጣሚው ከዚያ ንግድ ያተረፈው ምሬትን ነበር።

በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውልም ከዚሁ አንጻር መታየት አለበት። ኢጣሊያ ለንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያና 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ስትሰጥ፣ በ17ኛው አንቀጽ የኢጣልያንኛ ቅጂ አገሪቱን በጥበቃዋ ሥር ያደረገች መሰላት። ምኒልክ መሣሪያውን ወሰዱ፤ አንቀጹን ግን አልተቀበሉም። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ፤ ብድሩንም ከፈሉ። ይህን ማድረግ የቻሉት ሌላ በር ስለነበራቸው ነው። ኢጣሊያ ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር የሦስትዮሽ ኅብረት አባል ነበረች፤ ፈረንሣይና ሩሲያ በአንጻሩ በዚያው ዘመን የጦር ቃል ኪዳን ተጋቡ። ስለዚህ የኢጣሊያ መበርታት በአፍሪካ ቀንድ ላይ ፈረንሣይን ያሳስባት፣ ሩሲያንም ያስከፋት ነበር። በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት ወደ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ጦር መሣሪያ እንዳይገባ ቢገድብም፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባው ነፍጥ ያልቆመው በዚህ የኃይላት ጠብ ምክንያት ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ወደ 100000 የሚጠጋው የኢትዮጵያ ሠራዊት 17000 በላይ የሆነውን የጄኔራል ባራቲዬሪን ጦር ሲገጥም፣ አብዛኛው ተዋጊ ነፍጥ ይዞ ነበር። የኢጣሊያ 56 መድፎች በሙሉ ተማረኩ። ድሉ የነፍጥ ብቻ አይደለም። የክተት ዐዋጁ ሰውን ከአራቱ ማዕዘን አሰባስቦአል፤ ገበሬው ስንቁን ተሸክሞአል፤ የመቀሌው ምሽግ እቴጌ ጣይቱ ባመነጩት ዘዴ ውሃው ተይዞበት ተፈትቷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጀግንነትና ዘዴ ከነፍጥ ጋር የተገናኘው፣ የአውሮፓ መንግሥታት እርስ በርስ በተጣሉበት ቀዳዳ በኩል ነው። አድዋ ጠላት በሸጠው ነፍጥ ጭምር ጠላት የተመታበት ድል ነው።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ ሌላውን ጉድለት አልዘነጉትም። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ የሠራተኛ መሰደብ አገርን ባዶ እንደሚያስቀር ገለጹ። ጋፋት ከተዘጋ 40 ዓመት በኋላ የወጣው ይህ ዐዋጅ፣ ችግሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብም መሆኑን በመንግሥት ደረጃ ያመነ ቃል ነበር። ስድብ ግን በዐዋጅ ብቻ አይቀርም።

ሻጮች ሲስማሙ

አድዋ የተከፈተበት ቀዳዳ ከአሥር ዓመት በላይ አልቆየም። በአውሮፓ የጀርመን ኃይል እየጎላ ሲሄድ፣ እንግሊዝና ፈረንሣይ በ1896 ዓ.ም. የቅኝ ግዛት ጠባቸውን በስምምነት አበረዱ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣሊያ ጋር ሦስት ሆነው፣ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ፣ በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም የሚደለድል ውል ተፈራረሙ። በዚያው ቀን የፈረሙት ሌላ ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን ጦር መሣሪያና ጥይት ስለመቆጣጠር የተጻፈ ነው። ሦስቱም የባሕሩን ዳር ይዘው ስለነበር፣ ፈቃዳቸው ሲገናኝ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። አሥር ዓመት የተፎካከሩት ሻጮች በአንድ ገበታ ተቀመጡ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1911 ዓ.ም. መጨረሻ በሳን ዠርማን የተፈረመው የመሣሪያ ስምምነትም ኢትዮጵያን በክልከላው ቀጠና ውስጥ አስገባት። በመስከረም 1916 ዓ.ም. አገሪቱ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ የዚህን ስምምነት መርሖ እንድታከብር ተጠየቀች። ራስን የመከላከል መብት ያለው ሉዓላዊ መንግሥት ተብላ የገባችበት በር፣ መከላከያዋን በሌላው ፈቃድ ሥር የሚያደርግ ግዴታ ነበረበት። በሰኔ 1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገው የመሣሪያ ንግድ ጉባኤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ይህን ተቃውመው ተከራከሩ፤ አገራቸውም ከክልከላው ቀጠና እንድትወጣ አደረጉ። ያ ስምምነት ግን በቂ መንግሥታት ሳያጸድቁት ቀረ። በዚያው ጉባኤ የተፈረመው ሌላ ሰነድ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን የሚከለክል ነበር፤ ከፈራሚዎቹም አንዷ ኢጣሊያ ነበረች።

በነሐሴ 1922 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሣይና በኢጣሊያ መካከል የተፈረመው የመሣሪያ ውል የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለመከላከያው የሚያስፈልገውን እንዲያስገባ ፈቀደ። የቤልጅግ መኰንኖች የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን መኰንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ተከፈተ። ጅምሩ መልካም ነበር፤ ጊዜው ግን አልቆ ነበር።

በኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከአንድ ወር በኋላ የፈረንሣዩ ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ተስማሙ፤ በሚያዝያም እንግሊዝ፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ እንደገና የምትታጠቀውን የሒትለርን ጀርመን ለመቋቋም ስትሬዛ ላይ በአንድ ግንባር ቆሙ። የኢትዮጵያ ዕጣ በዚህ ስሌት ውስጥ ገባ። ለለንደንና ለፓሪስ ዋናው አደጋ ጀርመን ነበረች፤ ኢጣሊያን ላለማስቀየም ሲሉ ወልወልን ከራይን ወንዝ አሳነሱት። በዚያው ዓመት ክረምት እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ፈረንሣይና ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ነበር። ነገር ግን ታንኳን በፊያትና በአንሳልዶ፣ አውሮፕላኗን በካፕሮኒ ፋብሪካዎች የምትሠራው ኢጣሊያ ከውጭ የምትገዛው ነፍጥ አልነበራትም። የጋፋት ምድጃ የቀዘቀዘባት ኢትዮጵያ ግን ጥይቷ እንኳ በሰው ወደብ የሚመጣ ነበር። ምድጃ ላለውና ለሌለው እኩል የሚዘጋ በር ፍርድ አይባልም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ በኢትዮጵያ ላይ የነበረውም የመሣሪያ ክልከላ ተነሣ። ሆኖም ነፍጥ ተገዝቶ፣ በመርከብና በባቡር ተጉዞ፣ ተዋጊው እጅ ገብቶ እስኪለመድ ድረስ ያለው ጊዜ ቀድሞ ባክኖአል። በኢጣሊያ ላይ የተጣለው የኢኮኖሚ ቅጣት ነዳጅ ዘይትን አልጨመረም፤ የስዌዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። በጄኔቭ የጋዝ ክልከላ ፊርማዋን ያኖረችው ኢጣሊያ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ ከሰማይ አዘነበች። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የመጨረሻውን ታላቅ ማጥቃት አድርጎ አልተሳካለትም። ሰኔ 23 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ሸንጎ ፊት ቆመው ክስ አሰሙ፤ በሐምሌ ወር ግን ቅጣቱ ተነሣ። የሚያሳዝነው ነገር ያ ሁሉ መሥዋዕትነት ስትሬዛንም አላዳነም፤ ሙሶሊኒ ከዚያ በኋላ ከሒትለር ጋር ወገነ።

ከማይጨው ወዲህ

ማይጨው የጦርነቱ መጨረሻ አልነበረም። ከሆለታ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖች በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ተሰለፉ፤ በየበረሃው ያሉት አርበኞችም ከጠላት በሚማርኩት ነፍጥ፣ የውስጥ አርበኞች ከየከተማው በድብቅ በሚያወጡላቸው ጥይት አምስት ዓመት ተዋጉ። ከነፃነት በኋላም የመሣሪያው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመለሰ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረሙት ውሎች በአንድ በኩል ለኢትዮጵያ ጦር ትጥቅና ሥልጠና፣ በሌላ በኩል ለአሜሪካ በአሥመራ የቃኘው የራዲዮ ጣቢያን አስገኙ። ሃያ አራት ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ጦር በአሜሪካ መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ አደገ።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ይህ ግንኙነት ተበጠሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የሱማሌ ጦር፣ ሶቪየት ኅብረት ያስታጠቀችውን ታንክና መድፍ ይዞ ኦጋዴንን ወረረ። የኢትዮጵያ ጦር የአሜሪካ አውሮፕላንና ታንክ ነበረው፤ መለዋወጫው ግን በሻጩ እጅ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ወገን ለውጣ ለኢትዮጵያ መሣሪያ ማጓጓዝ ስትጀምር፣ ሱማሌም በኅዳር 1970 ዓ.ም. ከሞስኮ ጋር የነበራትን የወዳጅነት ውል ሰረዘች። በጥቂት ወራት ውስጥ የሁለቱም አገሮች ሻጭ ተገለበጠ። ሚሊሺያውና መደበኛው ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆነው በየካቲት 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን አስለቀቁ። ሂወት ከፈረመው ውል ወዲህ ዘጠና ዓመት ቢያልፍም፣ የወታደሩ ሕይወት በሌላ አገር መዲና በሚደረግ ስሌት ላይ የተንጠለጠለበት ሁኔታ አልተለወጠም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲመዘን ወዳጅነት ከንቱ ነው ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። ወዳጅ የሌለው አገር በሰላምም በጦርነትም ይጎዳል፤ አድዋም ያለ ወዳጅ በር አይታሰብም። የጦር ወዳጅነት ግን ወዳጁ ራሱ የሚፈራውን ነገር ተከትሎ ይሄዳል። እንግሊዝ ቱርክን ስትደግፍ፣ ከዚያ ምጽዋን ስታሳልፍ፣ ከዚያም በስትሬዛ ስትሰለፍ የተመራችው በራሷ ሥጋት ነው። የወዳጁ ሥጋት ሲለወጥ የሚቀረው፣ አገሪቱ በራሷ ምድጃና በራሷ ሰው እጅ ያለው ብቻ ነው። ይህን ሰው ደግሞ ኅብረተሰቡ ለዘመናት ቡዳ ሲለው ኖሯል።

የጋፋት አውሮፓውያን ስም በመጻሕፍት ተመዝግቦአል። ከጎናቸው ወናፍ የነፉት፣ ብረት የቀጠቀጡት፣ ሴባስቶፖልን በትከሻቸው ገደል ያወጡት ኢትዮጵያውያን ግን በአመዛኙ ስማቸው አልተጻፈም። ሞርታሩ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዘግይቶ የተቋቋመ የመሣሪያ ፋብሪካም ጋፋት የሚለውን ስም ወርሶአል። መምህሩ የአድዋን ድል ሲያስተምር ነፍጡ ከየት እንደመጣና በማን ፈቃድ እንዳለፈ ቢጨምር፣ ተማሪው ድሉን አያሳንሰውም፤ ይልቁንም ምን ያህል በጠባብ በር እንደተገኘ ያውቃል። ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱም በፈረስ ላይ ካለው ጀግና አጠገብ ለባለ እጁ ቦታ ቢሰጡት፣ ቀረርቶው ስናድርንና ምንሽርን ባወደሰበት ድምፅ የምድጃው ሰው ስምም መነሣት ይጀምራል።